መኪና ያላለፈበት መንገድ፦ ሰው ሠራሽ ጫጫታ በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌሎች ጫናዎች ተለይቶ የታወቀበት ሂደት

አጠቃሎ

በአውራ ጎዳናዎች፣ በጋዝ ማውጫዎችና በመርከብ መስመሮች አቅራቢያ የዱር እንስሳት ኑሮ እንደሚታወክ ከታወቀ ቆይቷል። የሚያውካቸው ግን ጫጫታው ራሱ ይሁን ወይስ ከጫጫታው ጋር አብሮ የሚመጣው ምንጣሮ፣ ጭስ፣ መብራት፣ የተሽከርካሪ ግጭትና የሰው እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ በግልጽ ሳይለይ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ይህንን ለመለየት የተደረጉ የተመረጡ ጥናቶችን በአሠራር ንድፋቸው ላይ በማተኮር ይዳስሳል። ከዳሰሳው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ጫጫታ ሌላ ጫና ሳይታከልበት ብቻውን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ እንስሳት በአንድ ስፍራ መቆየታቸው ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ጆሮ ወደሌላቸው ዕፅዋት ሊሸጋገርና ጫጫታው ከቆመም በኋላ ሊዘልቅ ይችላል። በመጨረሻም እነዚህ ነጥቦች በኢትዮጵያ ጥብቅ ስፍራዎች ለሚካሄድ ምርምር ያላቸው አንድምታ ይቀርባል።

1. መግቢያ

አዲስ መንገድ በጥብቅ ስፍራ ውስጥ ሲያልፍ የሚያስከትለው ለውጥ አንድ ብቻ አይደለም። ዛፍ ይቆረጣል፤ መሬቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አቧራና ጭስ ይነሣል፤ በሌሊት የመኪና መብራት ያበራል፤ የሚገጩ እንስሳት ይኖራሉ፤ አዳኙም ማገዶ ለቃሚውም መንገዱን ተከትሎ ይገባል። ጫጫታ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተቆራኝቶ ስለሚመጣ፣ የመንገዱን ዳር ከመንገዱ ከራቀ ስፍራ ጋር በማነጻጸር ብቻ የታየው ልዩነት የጫጫታው ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ጥያቄው ተግባራዊ ክብደትም አለው። እንስሳቱ የሚርቁት በምንጣሮው ምክንያት ከሆነ መፍትሔው የተራቆተውን መልሶ ማልማት ነው። በግጭት ምክንያት ከሆነ አጥርና መሸጋገሪያ መሥራት ነው። በጫጫታው ምክንያት ከሆነ ግን ሁለቱም ችግሩን አይነኩትም፤ ፍጥነትን መገደብ፣ የጉዞ ሰዓትን መወሰን ወይም መንገዱን በሌላ አቅጣጫ ማዞር ያስፈልጋል። መንስኤው በትክክል ካልተለየ ለጥበቃ የተመደበው ገንዘብ ችግሩን ለማይፈታ ሥራ ይውላል።

ጫጫታ የእንስሳትን ባሕርይ እንደሚለውጥ ካመለከቱት ታዋቂ ሥራዎች አንዱ ሀንስ ስላበኮርንና ማርግሪት ፔት በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ ግሬት ቲት የተባለው ትንሽ ወፍ ጫጫታ በበዛባቸው ሰፈሮች ሲዘምር የዜማውን ዝቅተኛ ክፍል ከፍ አድርጎ እንደሚያቀጥነው አሳይቷል። የተሽከርካሪ ድምፅ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚከማቸው በወፍራም፣ ማለትም በዝቅተኛ ድግግሞሽ በሚርገበገቡ ሞገዶች ላይ ነው፤ ስለዚህ የወፉ ወፍራም ድምፆች በጫጫታው ሲዋጡ ቀጫጭኖቹ ተለይተው ይሰማሉ። ግኝቱ ትልቅ ትኩረት ቢስብም ግንኙነትን እንጂ ጉዳትን አላረጋገጠም። ዜማውን የለወጠው ወፍ ተጎድቷል ወይስ ራሱን ከሁኔታው ጋር አስማምቷል የሚለው ጥያቄ ለተከታዮቹ ጥናቶች ቀርቷል።

2. ልኬቱና የእንስሳት ጆሮ

ጥናቶቹን ለመመዘን በቅድሚያ መለኪያውን መረዳት ይጠቅማል። ዴሲቤል በሎጋሪዝም ላይ የተመሠረተ መለኪያ ነው። በመሆኑም የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ኃይል በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፤ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ያደርገዋል። ድምፅ በግልጽ ስፍራ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫል ተብሎ ሲሰላ፣ የአካባቢው ጫጫታ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር አንድ እንስሳ ሌላውን ሊሰማ የሚችልበት የመሬት ስፋት በግማሽ ያህል ይጠብባል፤ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ከቀድሞው ስፋት ዐሥር እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ ከሚገኙ ጥብቅ ስፍራዎች በ63 ከመቶው ሰው ሠራሽ ጫጫታ የአካባቢውን የድምፅ መጠን ቢያንስ በእጥፍ፣ በ21 ከመቶው ደግሞ ቢያንስ በዐሥር እጥፍ እንዳሳደገው ገምቷል። በካርታ ላይ የተከለለ መሬት ከጆሮ አንጻር ሲታይ ያልተከለለ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ሌላው ጉዳይ የመሣሪያዎቹ ቅኝት ነው። የመንገድና የፋብሪካ ጫጫታ በተለምዶ የሚለካበት «ኤ» የተባለው ሚዛን ለሰው ጆሮ የተበጀ ነው። የሰው ጆሮ በደካማው የሚሰማቸውን ወፍራም ድምፆች ዋጋ ይቀንሳል፤ በ20 ኸርዝ ላይ የሚቀንሰው መጠን 50 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል። ዝሆኖች ግን ከ20 ኸርዝ በታች የሆኑ፣ ለሰው የማይሰሙ ድምፆችን ጭምር በመጠቀም በረጅም ርቀት ይጠራራሉ። በሌላው ጫፍ ብዙ የሌሊት ወፎች አድነው የሚበሉት ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ አውጥተው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። በመሆኑም ለሰው «ጸጥታ» የሚመስል ንባብ ለሌላ ፍጡር ጸጥታ ላይሆን ይችላል።

ጫጫታ በእንስሳት ላይ ጫና የሚያሳድርባቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው መሸፈን ነው፤ የሚፈለገው ድምፅ፣ የባልንጀራ ጥሪም ይሁን የአዳኝ ኮቴ፣ በጫጫታው ይዋጣል። ሁለተኛው ትኩረትን መሻማት ነው፤ መስማት የተሳነው እንስሳ በዓይኑ ለመጠበቅ ይገደድና ከመመገቢያ ጊዜው ይቀንሳል። ሦስተኛው የሰውነት ውጥረት ነው፤ አደጋን ለመቋቋም የሚመነጩ ሆርሞኖች ለረጅም ጊዜ ከፍ ብለው ሲቆዩ ዕድገትን፣ መራባትንና በሽታን የመከላከል አቅምን ሊጎዱ ይችላሉ።

3. ጫጫታው በድንገት የቀነሰባቸው ሁለት አጋጣሚዎች

በውቅያኖስ ውስጥ ጫጫታን ማጥፋት ለተመራማሪ የማይታሰብ ነው። ያልታሰበው ግን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ሆነ። በአሜሪካ የሽብር ጥቃት መድረሱን ተከትሎ የመርከብ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የውኃው ጫጫታ በ6 ዴሲቤል ወረደ፤ ይህም ኃይሉ ወደ ሩብ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። በተለይ የቀነሰው ከ150 ኸርዝ በታች ያለው የመርከቦች ድምፅ ነበር። በባሕረ ሰላጤው የሚገኙት ራይት ዌል የተባሉ የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ነባሪዎችም የሚግባቡት በዝቅተኛ ድግግሞሽ ድምፆች ነው።

በዚያው ወቅት ሮዛሊንድ ሮላንድና ባልደረቦቻቸው ለሌላ ዓላማ የዓሣ ነባሪዎቹን ዓይነ ምድር ይሰበስቡ ነበር። ናሙናው ሲመረመር ከውጥረት ጋር የተያያዙት ሆርሞኖች ቅሪት ጫጫታው ከቀነሰ በኋላ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በተከታዮቹ ዓመታት በተመሳሳይ ወቅት የተሰበሰቡት ናሙናዎች ግን እንዲህ ያለ መውረድ አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት፣ እንስሳት ሳይሸሹ፣ ከውጭ ለሚመለከታቸውም ምንም ሳይታይባቸው በጫጫታ ምክንያት ሥር የሰደደ ውጥረት ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያመለክታል። ውስንነቱም ግልጽ ነው፤ የድምፅ ቅጂው የጥቂት ቀናት ነው፤ አጋጣሚውም አንድ ብቻ በመሆኑ ሊደገም አይችልም።

ሁለተኛው አጋጣሚ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ያስከተለው የእንቅስቃሴ ገደብ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በጎልደን ጌት ድልድይ ላይ የሚያልፈው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ነበረበት መጠን ወረደ። ኤልሳቤጥ ዴሪቤሪና ባልደረቦቻቸው በራሷ ላይ ነጭ መስመር ያላትን የአካባቢውን ድንቢጥ ዜማ ቀድመው ለዓመታት ሲቀዱ ስለነበር የማነጻጸሪያ መረጃ ነበራቸው። ድንቢጦቹ በጸጥታው ወቅት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቢዘምሩም ዜማቸው የሚሰማበት ርቀት በእጥፍ ጨመረ፤ የዜማው ጥራትም ተሻሻለ። ጫጫታ ሲኖር የሚያሰሙት ከፍ ያለ ድምፅ እንግዲህ በግዳጅ የመጣና የዜማውን ጥራት ዋጋ ያስከፈለ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት ከመንገድ የጠፋው መኪናው ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ስለነበር፣ አጋጣሚው ሌሎች መንስኤዎችን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም።

4. ሞተር ያላቸውና የሌላቸው የጋዝ ጉድጓዶች

የተሻለ ማነጻጸሪያ የተገኘው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ራትልስኔክ ካንየን በተባለ ስፍራ ነው። በዚያ የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶች በደን ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተመነጠሩ ናቸው፤ ወደ ሁሉም መንገድ ተሠርቷል። ልዩነታቸው አንዳንዶቹ ሌት ተቀን የሚጮኽ የጋዝ መጭመቂያ ሞተር ያላቸው፣ ሌሎቹ ግን የሌላቸው መሆኑ ነው። በዚህም ምንጣሮውና የሰው መግባት በሁለቱም በኩል እኩል ሆነው ጫጫታው ለብቻው ይቀራል። ክሊንተን ፍራንሲስና ባልደረቦቻቸው የወፍ ቆጠራ በሚያካሂዱበት ሰዓት ሞተሮቹ እንዲጠፉ ማድረጋቸውም ጫጫታው የቆጣሪውን ጆሮ እንዳያሳስት የተወሰደ ጥንቃቄ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ገጽ ነበረው። ጫጫታ ባለባቸው ቦታዎች ጎጆ የሚሠሩ የወፍ ዝርያዎች ያነሱ ሆነው ሳለ፣ በዚያ የተሠሩ ጎጆዎች በአዳኝ የመጠቃት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የእንቁላልና የጫጩት ቀንደኛ አዳኝ የሆነው ጄይ የተባለው ወፍ ራሱ ጫጫታውን መሸሹ ነው። ሀሚንግበርድ የተባለችው አበባ ቀሳሚ ወፍም ጠላቷ በሌለበት በጫጫታው አቅራቢያ በብዛት ጎጆ ትሠራለች። ውጤቱ ከዚህ ቢቆም ኖሮ ጫጫታ ለአንዳንድ ዝርያዎች መጠለያ ነው ያሰኝ ነበር።

ነገር ግን ጄይ አዳኝ ብቻ ሳይሆን ዘር ዘሪም ነው። በአካባቢው የደኑ ምሰሶ የሆነውን ፒንዮን የተባለ የፓይን ዛፍ ፍሬ እየለቀመ ለክፉ ጊዜ በአፈር ውስጥ ይቀብራል፤ ረስቶ የሚተወው ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ተከታይ ጥናት መሠረት፣ ጫጫታ ባለበት ስፍራ ሀሚንግበርዶች አበባን አብዝተው ስለሚጎበኙ የአበባ ዱቄት ዝውውር ጨምሯል፤ በአንጻሩ ጄይ በሌለበት የፒንዮንን ፍሬ የሚወስዱት በአብዛኛው ዘሩን በልተው የሚያጠፉት አይጦች ሆነዋል። በመሆኑም ጸጥ ባሉት ስፍራዎች የተቆጠሩት የፒንዮን ችግኞች ጫጫታ ባለባቸው ስፍራዎች ከተቆጠሩት አራት እጥፍ ያህል ነበሩ። ጆሮ የሌለው ዛፍ በጫጫታ ምክንያት ተተኪ አጣ።

ከዚህም የከበደው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ጄኒፈር ፊሊፕስና ባልደረቦቿ ሞተሮቹ ከአንዳንድ ቦታዎች ከተነሡ በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሰው ችግኞቹን ሲቆጥሩ፣ ጫጫታው ቢጠፋም የችግኞቹ ቁጥርና የዕፅዋቱ ስብጥር እንዳላገገመ ተረዱ። ለዚህም በምክንያትነት ከቀረቡት አንዱ ዘር የሚያሠራጩት እንስሳት ወደ ስፍራው ገና በበቂ ሁኔታ አለመመለሳቸው ነው።

5. መኪና ያላለፈበት መንገድ

የኒው ሜክሲኮው ጥናት ጠንካራ ቢሆንም ሞተሮቹን ያስቀመጠው ኩባንያ እንጂ ተመራማሪው አልነበረም። የመጨረሻው ደረጃ ጫጫታውን ተመራማሪው ራሱ የሚያበራበትና የሚያጠፋበት ሙከራ ነው። ይህን ያደረገው በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የሚገኘው የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ነው። ቡድኑ መንገድ በሌለበት የተራራ ጀርባ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር በሚያህል መስመር ድምፅ ማጉያዎችን ደርድሮ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ የተቀዳ የመኪና ድምፅ አሰማ። አስፋልት አልነጠፈም፤ ዛፍ አልተቆረጠም፤ ጭስም መብራትም አልነበረም። ድምፁ ለአራት ቀናት ይከፈታል፤ ለአራት ቀናት ደግሞ ይዘጋል። ስፍራው ወፎች በመጸው ሲሰደዱ ለማረፍና ስብ ለማከማቸት የሚቆዩበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በክሪስቶፈር ማክሉርና ባልደረቦቻቸው የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ድምፁ ሲከፈት የወፎቹ ቁጥር ከሩብ በላይ ቀንሷል፤ አንዳንድ ዝርያዎች ስፍራውን ፈጽመው ለመተው ተቃርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሃይዲ ዌርና ባልደረቦቿ የታተመው ደግሞ ትኩረቱን በቀሩት ላይ አደረገ። በመረብ ተይዘው ሲመዘኑ፣ ጫጫታውን ችለው በስፍራው የቀሩት ወፎች በአማካይ የሰውነት ይዞታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በቤተ ሙከራ ውስጥ በድንቢጦች ላይ የተደረገው ተጨማሪ ሙከራ ምክንያቱን አመለከተ፤ ጫጫታ ሲኖር ወፎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዙሪያቸውን የሚቃኙበት ድግግሞሽ ይጨምራል፤ አጎንብሰው የሚለቅሙበት ጊዜ ያጥራል። ረጅም ጉዞ ለሚጠብቀው ስደተኛ ወፍ የጠፋ ስብ በመንገድ ላይ የሚያልቅ ስንቅ ነው።

6. ከጥናቶቹ የሚገኘው ትምህርት

ጥናቶቹ በአካባቢም፣ በዝርያም፣ በዘዴም ቢለያዩም የአንዱን ክፍተት ሌላው ይሞላል። የፈንዲና የሳን ፍራንሲስኮ አጋጣሚዎች በሕይወት እውነታ ውስጥ ጫጫታ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ያሳያሉ፤ መንስኤን ለመነጠል ግን ይቸገራሉ። የኒው ሜክሲኮው ማነጻጸሪያ ምንጣሮን ከጫጫታ ይለያል፤ የዓመታት ውጤትንም ያስቃኛል። የአይዳሆው ሙከራ ጫጫታን ከሁሉም ነጥሎ መንስኤነቱን ያረጋግጣል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።

ከአሠራር አንጻር ዋናው ማስጠንቀቂያ ቆጠራን የሚመለከት ነው። በአንድ ስፍራ እንስሳት መኖራቸውን ብቻ የሚመዘግብ ጥናት የዓሣ ነባሪዎቹን ውጥረትም ሆነ የስደተኞቹን ወፎች ክሳት አያገኝም። የቆየ እንስሳ የለመደ እንስሳ ነው የሚለው ግምትም አያስተማምንም፤ የሚሄድበት ያጣ፣ ወይም ለመሄድ አቅም የሌለው ሊሆን ይችላል። ጫጫታ እንደጠፋ ጉዳቱም አብሮ ይጠፋል የሚለው የተለመደ አመለካከትም መስተካከል ይኖርበታል። ድምፁ በቅጽበት ይቆማል፤ ያልበቀለው ዛፍ ግን በቅጽበት አይበቅልም።

7. በኢትዮጵያ ለሚካሄድ ምርምር ያለው አንድምታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሳላን ጨምሮ በፓርኩ የሚኖሩ እንስሳት የከባድ ጭነት መኪናዎች ጎረቤት ናቸው። የስምጥ ሸለቆው ሐይቆችም ከአውሮፓና ከእስያ ለሚሰደዱ ወፎች ማረፊያና መመገቢያ ናቸው። የአይዳሆ ወፎች ውጤት በቀጥታ ለሳላ ወይም ለስምጥ ሸለቆ ወፎች ሊሠራ አይችልም፤ የሚሠራው የጥያቄው አቀራረብና የሙከራው ንድፍ ነው።

ለዚህም ሦስት መነሻዎች ሊጠቀሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው የመነሻ ልኬት ነው፤ የፓርኮች የድምፅ መጠን በ«ኤ» ሚዛን ብቻ ሳይሆን ወፍራሞቹንም ቀጫጭኖቹንም ድምፆች በሚይዝ ቅጂ መመዝገብ ይኖርበታል። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያን በመሰለ ስፍራ ይህ ጥንቃቄ ካልተደረገ ልኬቱ ዋናውን ነገር ይስታል። ሁለተኛው አጋጣሚን መጠቀም ነው፤ በዐበይት በዓላት ቀናት የጭነት መኪናዎች እንቅስቃሴ በጉልህ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከበዓሉ በፊት፣ በበዓሉና ከበዓሉ በኋላ የሚሰበሰብ የሳላ ፋንድያ የፈንዲን ንድፍ በየዓመቱ ለመድገም ያስችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘው የፈንዲ አጋጣሚ ያልነበረው ጥቅም ይህ መደጋገም ነው። ሦስተኛው በድምፅ ማጉያ የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ለመንገድ ሥራ በታቀደ መስመር ላይ መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ጫጫታውን ብቻ ለተወሰኑ ቀናት አሰምቶ የሚሆነውን መመዝገብ ይቻላል።

የሕግ ማዕቀፉም ለዚህ ዓይነቱ መረጃ ቦታ አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች ከመተግበራቸው በፊት ሊያስከትሉ የሚችሉት ተጽዕኖ እንዲገመገም ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ሲያዝ የሰዎችን አሰፋፈር ከግምት ያስገባል። ሰው በማይሰፍርበት ጥብቅ ስፍራ ግን ደረጃው የማንን ጆሮ መነሻ ሊያደርግ እንደሚገባ ለመወሰን በቅድሚያ የእንስሳቱን ጆሮ ያገናዘበ የአገር ውስጥ መረጃ ያስፈልጋል።

8. መደምደሚያ

ሰው ሠራሽ ጫጫታ ከመንገድና ከማሽን ጋር ተቆራኝቶ የሚመጣ ጥቃቅን ችግር ሳይሆን ራሱን የቻለ የጉዳት መንስኤ መሆኑን የተዳሰሱት ጥናቶች በተለያየ መንገድ አሳይተዋል። የጉዳቱ መጠን እንደየዝርያው ይለያያል፤ ጥቂቶች እስከ መጠቀም ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ የሀሚንግበርድ ትርፍና የፒንዮን ኪሳራ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው የአንድን ዝርያ መብዛት ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይገባ ያስገነዝባል። በመንገድ ዳር የሞቱትን እንስሳት መቁጠር ቀላል ነው፤ ከባዱ በሕይወት ያሉት በጫጫታው ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እየከፈሉ እንደሚኖሩ ማወቅ ነው። በጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ የሚታቀዱ መንገዶች ግምገማ ይህንን ሁለተኛውን ሒሳብ ሳያካትት ከተዘጋ የወጪው ዝርዝር ጎዶሎ ይሆናል።